የአንጀት ባክቴሪያዎችና የሚለቋቸው ፕሮቲኖች፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ተቅማጥ ሲወራ ደጋግመው የሚነሱ ጥያቄዎችን ከቀላሉ ጀምረን ወደ ከባዱ እንሄዳለን፤ ሌላ ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንጀቴ ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሁሉ በሽታ ያመጣል?

አያመጣም። በትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ባክቴሪያዎች ይኖራሉ፤ አብዛኞቹ ከእኛ ጋር ተስማምተው ነው። እኛ መፍጨት የማንችለውን የምግብ አሰር ይሰባብራሉ። ቫይታሚን ኬ ይሠራሉ። ቦታውንም ምግቡንም ስለያዙት መጤ ጀርም በቀላሉ አይገባም።

በሽታ የሚያመጡት ጥቂቶች ናቸው። ብዙ ጊዜ ከሌሎቹ የሚለዩት በያዙት መሣሪያ ነው፤ መሣሪያው ደግሞ ፕሮቲን ነው። ኢ. ኮላይ የሚባለውን ባክቴሪያ እንውሰድ። አንዱ ኢ. ኮላይ ዕድሜ ልኩን አንጀት ውስጥ በሰላም ይኖራል። ሌላው ኢ. ኮላይ የአንድን ሕፃን ኩላሊት ከሥራ ውጭ ሊያደርግ ይችላል። በማይክሮስኮፕ ሁለቱን መለየት አይቻልም። የሚለዩት ጂናቸው ሲታይ ነው።

"ባክቴሪያው የሚለቀው ፕሮቲን" ሲባል ምን ማለት ነው?

ባክቴሪያው ውስጡ ሠርቶ ወደ ውጭ የሚያስወጣው ፕሮቲን ነው። አንዳንዱ አካባቢው ላይ ይለቀቅና በራሱ ሄዶ የአንጀት ሴል ላይ ይጣበቃል። መርዝ ወይም ቶክሲን የምንለው በአብዛኛው ይሄኛውን ነው። ሌላው ደግሞ ውጭ ጨርሶ አይንሳፈፍም። ባክቴሪያው ሴሉን ይጠጋና በቀጭን ቱቦ በቀጥታ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ሺጌላና ሳልሞኔላ የሚባሉት ባክቴሪያዎች የሚሠሩት እንዲህ ነው።

ፕሮቲኖቹ ሴሉን ሁልጊዜ አይገድሉትም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ሴሉን በሕይወት ትቶ ሥራውን ብቻ ያዛባበታል። ሌላው የሴሉን አጽም፣ ማለትም ቅርጹን የያዘለትን የፕሮቲን መዋቅር፣ ይንዳል። ሌላው ሴሉ ፕሮቲን መሥራት እንዲያቆም ያደርጋል። ትክክለኛው ሕክምና የሚወሰነው ከእነዚህ የትኛው እንደደረሰ ታይቶ ነው። ለዚህ ነው "ተቅማጥ ያው ተቅማጥ ነው" ብሎ ሁሌ አንድ ዓይነት ክኒን መዋጥ የማያዋጣው።

ኮሌራ አንጀትን ያቆስላል? ካላቆሰለ ያ ሁሉ ውሃ ከየት ይመጣል?

አያቆስልም ማለት ይቻላል። በኮሌራ የታመመ ሰው አንጀት በማይክሮስኮፕ ቢታይ ሴሎቹ በአብዛኛው በየቦታቸው ናቸው። ሆኖም በጠና የታመመ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ፈሳሽ ሊያጣ ይችላል። የሩዝ ውሃ የመሰለው ሰገራ ከራሱ ከሰውየው ደምና ሰውነት የወጣ ውሃና ጨው ነው።

መርዙ ስድስት ቁራጮች አሉት። አምስቱ ቀለበት ሠርተው ጂኤም1 የሚባል በአንጀት ሴል ላይ ያለ የስብና የስኳር ውህድ ላይ ይጣበቃሉ። ሴሉ መርዙን ራሱ ስቦ ያስገባዋል። ከዚያ ስድስተኛው ቁራጭ ተነጥሎ ወደ ሴሉ ውስጠኛ ክፍል ይወጣና ሥራውን ይጀምራል። ሴሉ ውስጥ መልእክት የሚያቀብል አንድ ፕሮቲን አለ፤ አንዴ በርቶ አንዴ ይጠፋል። መርዙ ይሄን ፕሮቲን እንደበራ ያስቀረዋል። ሳይክሊክ ኤኤምፒ የሚባለው መልእክተኛ ይበዛል። ክሎራይድ (ከጨው ክፍሎች አንዱ) የሚያስወጣው የሴሉ በር ይከፈትና እንደተከፈተ ይቀራል። እጀታው እንደተከፈተ የተሰበረ የቧንቧ ውሃ ማለት ነው። ክሎራይድ ሲወጣ ሶዲየም ይከተለዋል፤ ውሃም ይከተላቸዋል።

ይሄን ማወቅ ረጅም ጊዜ ወስዷል። ሮበርት ኮኽ በ1884 ባክቴሪያው መርዝ ሳይኖረው አይቀርም ብሎ ነበር። ማስረጃው የመጣው ግን በ1959 ካልካታ ውስጥ ነው። ሳምቡ ናት ዴ የተባለው ሐኪም ባክቴሪያው ያደገበትን ፈሳሽ አጥልሎ፣ ባክቴሪያ የሌለበትን ብቻ በጥንቸል አንጀት ውስጥ አስገባ። አንጀቱ በፈሳሽ ተነፋ። ባክቴሪያው ራሱ ሳይኖር የለቀቀው ፕሮቲን ብቻውን በቂ ነበር። ዴ በሕይወት ዘመኑ የሚገባውን ያህል ክብር አላገኘም፤ ይሄ እስከ ዛሬ ያሳዝነኛል።

ኦአርኤስ (ሕይወት አድን ንጥረ ነገር) ተራ ጨውና ስኳር አይደል? ጉሉኮስ ቢሰቀል አይሻልም?

ጨውና ስኳር መሆኑ ነው ጉልበቱ። የኮሌራ መርዝ ክሎራይድ የሚያስወጣውን በር ይከፍታል እንጂ ሶዲየምና ግሉኮስን አንድ ላይ የሚያስገባውን በር አይነካም። ሮበርት ክሬን በ1960 እንዳቀረበው፣ ግሉኮስ ወደ ሴሉ የሚገባው ሶዲየምን ይዞ ነው። ሁለቱ ሲገቡ ውሃ ይከተላል። ስለዚህ ተቅማጡ እየወረደም ቢሆን ሰውነት የሚጠጣውን ይቀበላል። ጨው ብቻውን ወይም ውሃ ብቻውን ይሄን አይሠራም።

በ1968 ዳካ ውስጥ በኮሌራ ሕሙማን ላይ ተሞክሮ ሠራ። በ1971 በባንግላዴሽ ጦርነት ጊዜ ደግሞ ዲሊፕ ማሃላናቢስ በሕንድ ድንበር ላይ ባለችው ቦንጋዮን የስደተኞች መጠለያ ውስጥ በደም ሥር የሚሰጥ ፈሳሽ አለቀበት። ሞት 30 በመቶ ገደማ ደርሶ ነበር። የጨውና የስኳር ውህዱን በበርሜል አዘጋጅቶ፣ ቤተሰብ እያጠጣ እንዲያስታምም አደረገ። ሞት ከ4 በመቶ በታች ወረደ።

ሰው "ጉሉኮስ" የሚለው በደም ሥር የሚንጠለጠለውን ማንኛውንም ፈሳሽ ነው። እሱ የሚያስፈልገው በጣም ለደከመ፣ ራሱን ለሳተ ወይም የጠጣውን ሁሉ ለሚያስመልሰው ሰው ነው። ያኔም ቢሆን ለኮሌራ የሚመረጠው ሪንገር ላክቴት ነው፤ ስኳር ብቻ ያለበት ፈሳሽ የጠፋውን ጨው አይተካም። ለሌላው ሕይወት አድን ንጥረ ነገሩ ይበቃል። በፓኬቱ ላይ በተጻፈው መጠን፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ተበጥብጦ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል። "እንዲጠነክር" ብሎ ውሃውን መቀነስ ወይም ስኳር መጨመር ጉዳት አለው፤ የበዛ ስኳር ውሃን ወደ አንጀት ይስባል። ለስላሳ መጠጥም በዚሁ ምክንያት ምትክ አይሆንም። ለሕፃናት ዚንክ ይጨመራል፣ ጡትም አይቋረጥም።

ሳይታከም የቀረ ጽኑ ኮሌራ ከታማሚዎቹ እስከ ግማሽ ድረስ ሊገድል ይችላል። በወቅቱ ከታከመ ሞቱ ከ1 በመቶ በታች ነው። አገራችንም ለዚህ እንግዳ አይደለችም። በ2014 ዓ.ም. ነሐሴ መጨረሻ በባሌ ዞን የጀመረው ወረርሽኝ ወደ ሌሎች ክልሎችም ተዛምቷል።

ደም የቀላቀለ ተቅማጥ ከኮሌራ በምን ይለያል?

እዚህ ሴሎቹ በእርግጥ ይጎዳሉ። ዋናው ተጠርጣሪ ሺጌላ ነው። ስሙን ያገኘው በ1897 ጃፓን ውስጥ በነበረ ወረርሽኝ ባክቴሪያውን ከለየው ከኪዮሺ ሺጋ ነው። ኮሌራ ጤነኛ ሰው ለመያዝ አብዛኛውን ጊዜ በሚሊዮኖች የሚቆጠር ባክቴሪያ ይፈልጋል። ሺጌላ ግን የሆድ አሲድን ስለሚቋቋም ከ10 እስከ 100 ባክቴሪያ ይበቃዋል። በአንድ ያልታጠበ እጅ ቤተሰብ ሙሉ የሚያመው ለዚህ ነው።

ሺጌላ የአንጀት ሴልን ከላይ በኩል መስበር ብዙም አይሆንለትም። ስለዚህ ይዞራል። አንጀት ውስጥ ያለውን ነገር ናሙና እየወሰዱ ለመከላከያ ሴሎች የሚያሳዩ ልዩ ሴሎች አሉ። በእነሱ በኩል ወደ ታች ይሾልካል። እዚያ የሚጠብቁት ማክሮፋጅ የሚባሉ በላተኛ ሴሎች ይውጡታል፤ እሱ ደግሞ እንዲፈነዱ አድርጎ ይወጣል። ከዚያ የአንጀት ሴሎችን ከሥር በኩል ይገባባቸዋል። የሚያስገባቸው ፕሮቲኖች የሴሉን አጽም ያንቀሳቅሱና ሴሉ ራሱ ባክቴሪያውን አቅፎ እንዲውጠው ያደርጋሉ።

ከገባ በኋላ የሚያደርገው ይበልጥ ይገርማል። አይሲኤስኤ የሚባለውን ፕሮቲን በአንዱ ጫፉ ላይ ያወጣል። ፕሮቲኑ አክቲን የሚባለውን የሴሉን የአጽም ፕሮቲን እየሰበሰበ ከኋላው ጭራ ይሠራለታል። ጭራው እየገፋው ወደ ጎረቤት ሴል ይገባል። ከሴል ሳይወጣ ከሴል ወደ ሴል ስለሚሄድ በደም ያሉ ፀረ እንግዳ አካላት አያገኙትም። በተጨማሪ ኦስፒኤፍ የተባለው ፕሮቲኑ የሴሉን የማስጠንቀቂያ መልእክት ያጠፋል። አይፒኤኤች የሚባሉት ደግሞ የሴሉን መከላከያ ፕሮቲኖች "ይጣሉ" የሚል ምልክት ለጥፈው ሴሉ ራሱ እንዲያጠፋቸው ያደርጋሉ።

ደሙና ንፍጡ ግን የባክቴሪያው ሥራ ብቻ አይደለም። የፈነዱት ማክሮፋጆች እርዳታ ይጠራሉ። ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ይመጣሉ። ለመድረስ ሲሉ በአንጀት ሴሎች መካከል ያለውን መጋጠሚያ እየበተኑ ያልፋሉ። በከፈቱት መንገድ ተጨማሪ ባክቴሪያ ይገባል። ቁስሉ ከሁለቱም ወገን የመጣ ነው።

ደም ካለበት ተቅማጥ ማቆሚያ ክኒን ብወስድስ?

አይወሰድም። ሎፐራማይድና መሰሎቹ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያዘገያሉ። ባክቴሪያውም መርዙም ውስጥ ይቆያሉ ማለት ነው። ትኩሳት ወይም ደም ካለ፣ ወይም ታማሚው ትንሽ ልጅ ከሆነ፣ ክኒኑ ይቅር፤ ጤና ጣቢያ ይኬድ። የዓይን መሰርጎድ፣ የሽንት መጥፋትና መፍዘዝ ካለ ደግሞ መንገድ ላይም ቢሆን ኦአርኤስ እያጠጡ ነው።

ባክቴሪያ "በመርፌ ይወጋል" ሲባል እውነት ነው?

እውነት ነው። ሳይንቲስቶች የሚጠሩት ሦስተኛው ዓይነት የማስወጫ ሥርዓት ብለው ነው። በባክቴሪያው ሁለት ሽፋኖች ላይ የተተከለ መሠረት አለው፤ ከእሱ ላይ ቀጭን ባዶ ቱቦ ይወጣል። የሳልሞኔላው በ1998 ተነጥሎ ወጥቶ በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ፎቶ ተነሣ። ቅርጹ በትክክል መርፌ ይመስላል። ውስጡ ያለው ቀዳዳ ከ2 እስከ 3 ናኖ ሜትር ስለሆነ ፕሮቲኖቹ እንደተጣጠፉ አያልፉም። መጀመሪያ ተዘርግተው እንደ ክር ይገባሉ፣ ከዚያ ሴሉ ውስጥ እንደገና ይታጠፋሉ። አሠራሩ ባክቴሪያ ከሚዋኝበት ጭራ ጋር ዝምድና አለው።

ሳልሞኔላ በዚህ መርፌ የሚሠራው ሥራ በጣም የተቀናጀ ነው። መጀመሪያ ሶፕኢ የሚባለውን ፕሮቲን ያስገባል፤ የሴሉ ሽፋን ይተራመስና ባክቴሪያውን ይውጠዋል። ቀጥሎ ኤስፒቲፒ የሚባለው ሌላ ፕሮቲኑ ሶፕኢ ያበራውን ያጠፋና የሴሉን አጽም ወደ ቦታው ይመልሳል። ይሄ በ1999 ታትሟል። በሩን ከፍቶ ገብቶ ከኋላው ይዘጋል ማለት ነው።

ኢ. ኮላይ የአንጀታችን ነዋሪ ነው ይባል የለ? ታዲያ እንዴት ያሳምማል?

ነዋሪ ነው። የሚያሳምሙት የተለየ ጂን ያገኙ ቡድኖች ናቸው፤ እያንዳንዱ ቡድን የራሱ ዘዴ አለው። የመንገደኛ ተቅማጥ የሚያመጣው ቡድን ሁለት መርዝ ይለቃል። አንዱ ከኮሌራ መርዝ ጋር በጣም ይመሳሰላል። ሌላው ከ20 ያነሱ አሚኖ አሲዶች ያሉት ትንሽ ነገር ነው፤ መፍላትን ይቋቋማል። በአፍሪካና በእስያ በሰባት አገሮች ተካሂዶ በ2013 በታተመ ትልቅ ጥናት፣ በሕፃናት ላይ ከባድ ተቅማጥ ካመጡት ዋና ዋናዎቹ አራት መካከል ይሄ ሁለተኛውን መርዝ የሚለቀው ኢ. ኮላይና ሺጌላ ነበሩበት።

ከሁሉም የሚያስደንቀኝ ግን ኢፔክ የተባለው ቡድን ነው። ሌሎች ባክቴሪያዎች ሴሉ ላይ የሚጣበቁበትን ነገር ይፈልጋሉ። ኢፔክ ግን መጣበቂያውን ራሱ ይዞ ይመጣል። ቲር የሚባለውን ፕሮቲን በመርፌው ያስገባል። ቲር በሴሉ ሽፋን ላይ ይሰካና ወደ ውጭ ብቅ ይላል። ባክቴሪያው ኢንቲሚን በሚባል የራሱ ፕሮቲን በኩል እሱኑ ይይዛል። ይሄ በ1997 ሲታወቅ ብዙዎችን አስገርሟል። ከዚያ ከባክቴሪያው ሥር አክቲን ይከመርና መቆሚያ ይሠራለታል። ምግብን ወደ ሰውነት የሚያስገቡት ጥቃቅን ፀጉር መሰል የሴሉ ዘንጎች እዚያ ቦታ ላይ ይጠፋሉ። ሌሎች ፕሮቲኖቹ የሴሎቹን መጋጠሚያ ያላላሉ፣ የሴሉን ኃይል ማመንጫ ማይቶኮንድሪያንም ይጎዳሉ። በዚህ በብዛት የሚጠቁት ከሁለት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው።

ሌላ ቡድን ደግሞ ፔት የሚባል ፕሮቲን ይለቃል። ይሄኛው መርፌ አያስፈልገውም፤ የራሱን መውጫ የራሱ ጭራ ይሠራለታል። ሴሉ ውስጥ ሲገባ ስፔክትሪን የተባለውን የአጽም ፕሮቲን ይቆርጣል። ሴሉ ቅርጹን አጥቶ ይኮማተራል፣ ከሥሩም ይላቀቃል።

ሐኪሙ ደም ላለው ተቅማጥ አንቲባዮቲክ አልሰጥም ያለው ለምንድን ነው?

ምናልባት የሺጋ መርዝ የሚሠራ ኢ. ኮላይ ጠርጥሮ ነው። በጣም የሚታወቀው ኦ157 ነው፤ በ1982 አሜሪካ ውስጥ በደንብ ካልበሰለ ሀምበርገር ጋር ተያይዞ ታወቀ። መርዙ ራይቦዞምን፣ ማለትም የሴሉን ፕሮቲን መሥሪያ፣ ያጠቃል። ከአንድ ቦታ ላይ አዴኒን የምትባል አንዲት ቅንጣት ብቻ ነቅሎ ይጥላል፤ ሴሉ ከዚያ በኋላ ፕሮቲን መሥራት አይችልም። የጉሎ ፍሬ ውስጥ ያለው ራይሲን የተባለው መርዝ የሚነቅለውም ያችኑ ቦታ ነው። ምጣድ የምናስስበት ጉሎ ማለቴ ነው።

መርዙ ከአንጀት ወደ ደም ይገባል። የሚጣበቅበት ጂቢ3 የሚባል ነገር በኩላሊት ጥቃቅን የደም ሥሮች ላይ በብዛት አለ። ስለዚህ ተቅማጡ ሊሻል ሲል ኩላሊት ሊደክም ይችላል። ሕፃናትና አረጋውያን ለዚህ የበለጠ ይጋለጣሉ። ይሄን የኩላሊት ሕመም ከመርዙ ጋር ያገናኘው በ1983 ቶሮንቶ ውስጥ መሐመድ ካርማሊ ነው።

የመርዙ ጂን የሚቀመጠው ባክቴሪያው ውስጥ በተደበቀ ቫይረስ ላይ ነው። አንዳንድ አንቲባዮቲኮች ባክቴሪያውን ሲያስጨንቁት ቫይረሱ ይነቃል፤ መርዙም በብዛት ተመርቶ ባክቴሪያው ሲፈነዳ ይለቀቃል። ለዚህ ነው የሚፈራው። በ1897ቱ ሺጌላ ዓይነት ግን ጂኑ እንዲህ በቀላሉ በሚነቃ ቫይረስ ላይ ስላልሆነ በአንቲባዮቲክ ይታከማል። ሁለቱም ደም ያለው ተቅማጥ ናቸው፤ መርዛቸውም አንድ ነው ማለት ይቻላል። ሕክምናቸው ግን ይለያያል። ከፋርማሲ በራስ ግምት ሲፕሮ ገዝቶ መዋጥን የምቃወመው በዚህ ምክንያት ነው።

ጥሬ ሥጋ ወይም አብሽ በዚህ ውስጥ አለበት?

ኦ157 በከብት አንጀት ውስጥ ከብቱን ሳያሳምም ይኖራል። በደብረ ዘይትና በሞጆ በተደረገ ጥናት በጥሬ ሥጋ ላይ ተገኝቷል። ክትፎውን ሙሉ በሙሉ ማብሰል ለሁላችንም ከባድ ነው፤ ለትንንሽ ልጆች፣ ለነፍሰ ጡርና ለአዛውንት ግን በደንብ የበሰለ ብቻ ይሰጥ። በ2011 ጀርመን ውስጥ 3,800 ገደማ ሰው ያሳመመውና ከ50 በላይ የገደለው ደግሞ ኦ104 የሚባል ኢ. ኮላይ ነበር። ምንጩ ጥሬውን የተበላ የአብሽ ቡቃያ ሆነ። አብሽን ለምግብ ስናፈላው ችግር የለውም። ባክቴሪያው የሚራባው ዘሩ በእርጥበትና በሙቀት ሲበቅል ነው።

አንቲባዮቲክ ጨርሼ ተቅማጥ የጀመረኝ ለምንድን ነው?

ብዙ ጊዜ ነዋሪዎቹ ባክቴሪያዎች ስለተመናመኑ ነው፤ በጥቂት ቀናት ይስተካከላል። ከጸና፣ ትኩሳትና የሆድ ቁርጠት ካለው ግን ክሎስትሪዲዮይዲስ ዲፊሲሌ የተባለው ሊሆን ይችላል። ይሄ ባክቴሪያ ባዶ ቦታ ሲያገኝ ነው የሚነሣው። የሚለቃቸው ሁለት ትልልቅ መርዞች በሴሉ ውስጥ አጽሙን በሚመሩት ሮ ፕሮቲኖች ላይ ስኳር ይለጥፉባቸዋል። አጽሙ ይፈርሳል፣ ሴሉ ይከብና ይሞታል። በአልኮል ጄል እጅን ማጽዳት የዚህን ባክቴሪያ ስፖር (ጠንካራ ሽፋን ያለው የእንቅልፍ ቅርጹን) አይገድለውም፤ በሳሙናና በውሃ መታጠብ ያስፈልጋል።

አሜባስ?

አሜባ ባክቴሪያ አይደለም፤ ባለ አንድ ሴል ጥገኛ ተሕዋስ ነው። እሱም ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይሞች ይለቃል፣ የአንጀት ሴሎችንም ቆንጥሮ ይበላል። ነገር ግን በእኛ አገር "አሜባ አለብህ" የሚባለው ካለው በላይ ነው ብዬ አምናለሁ። በማይክሮስኮፕ ከጎጂው ጋር አንድ የሚመስል፣ ግን በሽታ የማያመጣ ሌላ አሜባ አለ። የሺጌላ ታማሚ በአሜባ ስም ሜትሮኒዳዞል ብቻ ወስዶ ቢቀመጥ ሺጌላውን አይነካውም።

ከዳንኩ በኋላ ወተት የማይስማማኝና ሆዴ የሚረበሸው ለምንድን ነው?

የአንጀት ሽፋን በየ3 እስከ 5 ቀናት ይታደሳል። ስለዚህ አብዛኛው ጉዳት ይጠገናል። የወተትን ስኳር የሚፈጨው ኢንዛይም የሚገኘው ግን በተጎዱት ፀጉር መሰል የአንጀት ዘንጎች ጫፍ ላይ ስለሆነ እስኪመለስ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። ከታመሙት መካከል ደግሞ ከ10 አንዱ ገደማ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቆይ የሆድ መረበሽ ይቀረዋል። ካምፒሎባክተር የሚባለው ባክቴሪያ የሴሉን ዲኤንኤ የሚሰብር መርዝ አለው፤ ከዚህ ችግር ጋር ስሙ ይነሣል።

ባክቴሪያውን ትቶ ፕሮቲኑን ብቻ የሚመታ መድኃኒት ወይም ክትባት የለም?

አለ፣ ግን ጥቂት ነው። ዱኮራል የተባለው የሚጠጣ የኮሌራ ክትባት ከተገደሉ ባክቴሪያዎች ጋር የመርዙን ተጣባቂ ቀለበት ይዟል። ቀለበቱ ብቻውን አይጎዳም፤ ሰውነት ግን ያውቀዋል። በወረርሽኝ ጊዜ በብዛት የሚሰጠው ዩቪኮል ይሄ የለውም፤ በተገደሉት ባክቴሪያዎች ብቻ ይሠራል። ለዲፊሲሌ መርዝ ቤዝሎቶክሱማብ የሚባል ፀረ እንግዳ አካል በ2016 ተፈቅዶ ነበር፤ አምራቹ በ2025 ማቅረብ አቆመ። ለሺጌላ በሰፊው የሚሰጥ ክትባት እስካሁን የለም። መርፌውን የሚዘጉ መድኃኒቶችም ገና በምርምር ላይ ናቸው።

በተቃራኒው ከመርዝ መድኃኒት የተማርንበትም አለ። ሊናክሎታይድ የተባለው ለሆድ ድርቀት የሚሰጥ መድኃኒት የሚሠራው ያ መፍላትን የሚቋቋመው የኢ. ኮላይ መርዝ በሚጣበቅበት የአንጀት ሴል ተቀባይ ላይ ነው። በ2012 አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ።

ባክቴሪያው ይሄን ሁሉ ማድረጉ ምን ይጠቅመዋል?

ለኮሌራ ነገሩ መስፋፋት ነው። በተቅማጡ በብዛት ይወጣና ወደ ውሃ ይመለሳል። የመርዙ ጂን ራሱ ከመጀመሪያው የባክቴሪያው አልነበረም። በ1996 እንደታወቀው ሲቲኤክስ የተባለ ቫይረስ ነው ያመጣለት። ቫይረሱ የሌላቸው ዘመዶቹ በባሕር ዳርቻ ውሃ ውስጥ ወረርሽኝ ሳያስነሡ ይኖራሉ።

የሳልሞኔላ ነገር ይበልጥ ይጠልቃል። በመርፌው አንጀቱን ሲያስቆጣ ነጭ የደም ሴሎች ይመጣሉ። እነሱ የሚለቁት ኦክስጅን ነክ ኬሚካል በአንጀት ውስጥ ያለውን የሰልፈር ውህድ ወደ ቴትራታዮኔት ይቀይረዋል። ሳልሞኔላ በቴትራታዮኔት መተንፈስ ይችላል፤ አብዛኞቹ ነዋሪዎች ግን አይችሉም። በ2010 ይሄ ሲገለጥ፣ ብግነቱ (የአንጀቱ መቆጣት) ለባክቴሪያው የሚጠቅመው ምን እንደሆነ ታየ፤ ተፎካካሪዎቹን ይቀድማቸዋል።

መርፌውን መሥራት ግን ውድ ነው። ፕሮቲኖቹን የሚሠራ ሳልሞኔላ ከማይሠራው ቀርፋፋ ሆኖ ይራባል። ስለዚህ ጂናቸው ፍጹም አንድ በሆኑ ሳልሞኔላዎች መካከል እንኳ አንዳንዶቹ መርፌውን ይሠራሉ፣ ሌሎቹ ሳይሠሩ በፍጥነት ይራባሉ። ሠሪዎቹ ብግነቱን ይቀሰቅሳሉ፤ ብዙዎቹ እዚያው የአንጀት ሽፋን ውስጥ ይሞታሉ። በተጠረገው ቦታ የሚበዙት ያልሠሩት ናቸው፤ የመርፌውን ጂን ግን እነሱም ይዘውት ወደሚቀጥለው ሰው ይሄዳሉ።